ቤት ያማረ ዘፈን ታክሲ ውስጥ ለምን ይበላሻል?

“ትልቅ ስቱዲዮ የለኝም” ብሎ ለሚያመነታ የሙዚቃ ሰው ጓደኞቹ ሁልጊዜ የሚጠቅሱለት አንድ ምሳሌ አለ፤ የቢሊ አይሊሽ የመጀመሪያ ሙሉ አልበም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ ሥራ በአብዛኛው የተቀዳው ሎስ አንጀለስ፣ ሃይላንድ ፓርክ በሚገኘው የወላጆቿ ቤት፣ በወንድሟ በፊኒያስ ጠባብ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። በ2020 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ፤ በድምፅ ምሕንድስናም ተሸለመ። ምሳሌው እውነት ነው። የሚዘለለው ግማሹ ግን ይህ ነው፤ ሚክሱን የሠራው ሮብ ኪነልስኪ የተባለ ሌላ ባለሙያ፣ ማስተሪንጉን የሠራው ደግሞ ጆን ግሪንሃም ነው። መኝታ ቤቱ ቀረጻውን ቻለ፤ የመጨረሻው ሚዛን የተዳኘው በሌላ ጆሮ ነው።

ቀረጻና ሚክስ የሚጠይቁት ነገር ለየቅል ነው። ጎበዝ ድምፃዊ፣ ደህና ማይክራፎንና ጋቢ የተሰቀለበት ጥግ ካለ ድምፅ ይቀዳል። ሚክስ ግን ፍርድ ነው። ከበሮው ምን ያህል ይጉላ፣ ቤዙ የት ይቁም፣ ድምፃዊዋ ምን ያህል ትቅረብ የሚለውን ባለሙያው የሚወስነው በሚሰማው ነገር ነው፤ የሚሰማው ደግሞ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም ነው። ሚዛኑ የተበላሸበት ባለሱቅ ሳያውቀው እያጎደለ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ ክፍሉ ቤዝ የሚጨምርበት ሰውም ቤዙን ቀንሶ ይጨርሳል፤ ዘፈኑ ከዚያ ቤት ሲወጣ ቀጥኖ ይገኛል። ክፍሉ ቤዝ የሚያጠፋበት ተቃራኒውን ያደርጋል። ያኔ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ያለው ስፒከር ይንዘፈዘፋል፣ ድምፃዊውም ይዋጣል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ብዙዎች የሚሠሩበትን 3 በ3 የብሎኬት ክፍል እንውሰድ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይለያል ብሎ የሚጠረጥር ካለ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ የግፊቱ ማነስ አይደለም።) 343 ለግድግዳዎቹ ርቀት እጥፍ፣ ማለትም ለ6 ሲካፈል 57 ይመጣል። በ57 ኸርዝ ላይ ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያጎለብታል፤ ግድግዳው ሥር ያብጣል፣ መሀል ክፍሉ ላይ ይከስማል። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ስለሆነ ያው 57 ሁለት ጊዜ ይመጣል። ጣሪያው 2.80 ሜትር ከሆነ ሦስተኛው 61 ላይ ይወድቃል። ሦስቱም ተደራርበው የሚያርፉት የቤዝ ጊታርና የኪክ ድራም ዋና መኖሪያ ላይ ነው። ወንበሩን መሀል ክፍሉ ላይ ያስቀመጠ ሰው ያንን ኖታ አይሰማውም፤ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠው ደግሞ ያው ኖታ ከሌሎቹ በላይ ይጮህበታል። በቤዙ መስመር ውስጥ አንዱ ኖታ አብጦ ሌላው ጠፍቶ ከተሰማ ጥፋቱ የቤዝ ተጫዋቹ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ምንም አይፈይድም። የ57 ኸርዝ ሞገድ 6 ሜትር ይረዝማል፣ ሩቡ እንኳ አንድ ሜትር ተኩል ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ሲምባሉንና የ“ሰ”ን ፉጨት ይውጣል፣ ቤዙን ግን አይነካውም። ውጤቱ ከባዶው ክፍል የባሰ ነው፤ ላዩ ታፍኖ ታቹ የሚያጓራ ቤት። የሚሠራው ወፍራም ነገር ነው፤ ጥግ ላይ የቆመ የጥጥ ፍራሽ፣ ልብስ የጠቀጠቀ ክፍት ቁም ሣጥን፣ ከተገኘም የሮክ ሱፍ። በነገራችን ላይ፣ ከበላዩ ክፍተት ያለው ስስ ኮርኒስ ከኮንክሪት ጣሪያ ይሻላል፤ ኮንክሪቱ የሚመልሰውን ቤዝ ኮርኒሱ በከፊል ያሳልፈዋል። የድሮ ጭቃ ቤት የተከራየ ወጣት ኮንዶሚኒየም ከገባው ጓደኛው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ሊሆን ይችላል።

ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ደግሞ ወንበርና ስፒከር ማንቀሳቀስ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ጆሮን ከፊተኛው ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት 38 በመቶ ያህል አርቀው ይጀምራሉ፤ በ3 ሜትር ክፍል 1.14 ሜትር መሆኑ ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ሁለቱ ስፒከሮችና የአድማጩ ጭንቅላት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ስፒከሩ ከጀርባው ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ 143 ኸርዝ አካባቢ ቀጥተኛውን ይሰርዘዋል፤ የወንድ ድምፅ ሙላት የሚኖረው እዚያው ነው። ስለዚህ በትንሽ ክፍል ስፒከሩን ግድግዳው ድረስ አስጠግቶ የሚጨመረውን ቤዝ ከኋላው ባለው ማስተካከያ መቀነስ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ከዚያ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ያንቀሳቅስ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስፒከሩን መስታወቱ ውስጥ ያየበት ቦታ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ምንጣፍ ይሰቀል።

ክፍሉ የቱንም ያህል ቢስተካከል ግን አድማጩ እዚያ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። ዘፈኑ በስልክ፣ በባጃጅ፣ በካፌ ጣሪያ ስፒከርና በሰርግ ድንኳን ሞንታርቦ ይሰማል። እነዚህ ሁሉ ቤዝ ላይ አይስማሙም፤ አንዱ ጭራሽ የለውም፣ ሌላው ከልክ አልፎ አለው። ላዩም ላይ ይለያያሉ። የሚስማሙት መካከለኛው ድምፅ ላይ ብቻ ነው፤ ከ300 ኸርዝ እስከ 4 ሺህ ኸርዝ ባለው ክልል፣ የሰው ቃል በሚለይበት። የትም የሚያምር ሚክስ የሚባለው መካከለኛው ላይ ተሠርቶ ያለቀ ሚክስ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

የሙያው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ነጭ ሆድ ያለው የያማሃ ኤንኤስ-10 ስፒከር እ.ኤ.አ. በ1978 ለሳሎን ተብሎ የተሠራ ነበር። የሳሎን ገዢ አልወደደውም፤ ቤዙ ትንሽ፣ መካከለኛው ድምፁ ጯሂ ነው። የስቱዲዮ ሰዎች ግን ወሰዱት፤ ከእነሱም ስሙ በብዛት የሚነሣው አሜሪካዊው ቦብ ክሊርማውንቴን ነው። ላይኛው ድምፁ እንዳይወጋ ትዊተሩ ላይ ሶፍት መለጠፍ ልማድ እስከመሆን ደረሰ። ያማሃ በ2001 ምርቱን ሲያቆም በእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከሌሎች ስፒከሮች ጋር ለክተውት ነበር፤ አንዱ ልዩ ጠባዩ የሚገባው ድምፅ ሲቆም እሱም ቶሎ ዝም ማለቱ ነው። ቤዙ ጥቂት ቢሆንም ያለው ጥቂት አይንጠለጠልም። ከእሱ ያነሰችው ኦራቶን ደግሞ አንዲት ስፒከር ብቻ ያላት ትንሽ ሣጥን ናት። የማይክል ጃክሰንን “ትሪለር” በ1982 ሚክስ ያደረገው ብሩስ ስዊዲን ትላልቆቹ ስፒከሮች አጠገቡ እያሉ በእሷ ይሠራ ነበር። ገንዘብ የጠፋበት ሰው ያደረገው አይደለም።

ለኢትዮጵያ ዘፈን ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ማሲንቆ የድምፃዊውን ዜማ ተከትሎ ይሄዳል፤ ውበቱም ይኸው ነው። ግን ሁለቱም የሚኖሩት አንድ ሰፈር ውስጥ፣ ያው መካከለኛው ላይ ነው። በትልቅ ስፒከር አንዱን ወደ ግራ ገፋ ማድረግ ጠቡን ያበርደዋል። አንድ ስፒከር ያለው ስልክ ላይ ግራና ቀኝ ስለሌለ ጠቡ ይመለሳል። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ፣ ያስታርቃቸዋል፤ ግጥሙ በሚነገርበት ጊዜ ማሲንቆውን ከ2 ሺህ እስከ 3 ሺህ ኸርዝ ባለው ቦታ ሁለት ዲሲቤል ያህል ይቀንሰዋል፣ ድምፃዊው ሲያርፍ ይመልሰዋል። ግራ ቀኙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሞኖ ሌላም ነገር ያጋልጣል። ኪቦርዱን “ሰፊ” ለማድረግ የተጨመረ ፕለጊን ግራና ቀኙን እርስ በርስ የሚጻረር አድርጎት ከሆነ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ኪቦርዱ ይሳሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። የሰርግ ድንኳን ውስጥ ሞንታርቦዎቹ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት። ሰፊው ኪቦርድ ሳይሰማ ሰርገኛው ጨፍሮ ወደ ቤቱ ይገባል።

ቤዙስ? አራት ክር ያለው የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ይመታል፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ እዚያ ጋ ዝም ነው። ደግነቱ ኖታው ብቻውን አይመጣም፤ 82፣ 124፣ 165፣ 206 እያለ ብዜቶቹን ያስከትላል። የሰው አእምሮ ብዜቶቹን ሰምቶ የጎደለውን ሥር ራሱ ይሞላል። ባለሙያው ቤዙን በትንሹ የሚያሻክረው፣ ሳቹሬሽን የሚባለውን የሚጨምረው ለዚህ ነው፤ ብዜቶቹ እንዲበረክቱ። ስልኩ ላይ ቤዝ እንዲሰማ ብሎ 50 ኸርዝን ከፍ የሚያደርግ ሰው የሚያተርፈው የሚኒባሱን ስፒከር መቅደድ ብቻ ነው። ከበሮም እንዲሁ ነው። የትልቁ ፊት ጉም ስልክ ላይ አይደርስም፤ የሚደርሰው እጅ ቆዳውን ሲመታ ያለው ጥፊ ነው። በቺክቺካ ምት ውስጥ ኪክ፣ ከበሮና ቤዝ አንድ ላይ ሲረባረቡ ጉሙን ለአንዱ ሰጥቶ ከሌሎቹ ጥፊውን ብቻ ማስቀረት ሦስቱንም ያድናል።

የተበደረ ቅንብርም አማርኛን ይበድላል። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። ለእንግሊዝኛ ዘፈን ተብሎ የተቀመጠ የኮምፕሬሰር (የድምፅ መጭመቂያ) ቅንብር ፍንዳታውን ያለ ልክ ያሳልፈዋል ወይም ያደነዝዘዋል፤ ሲደነዝዝ “ጠ” ወደ “ተ” ይጠጋል፣ ግጥሙም ይላሽቃል። ሰው ቁጥሩን ትቶ ቃሉን መስማት አለበት።

በምን ያህል ጩኸት መሥራት እንዳለበት ደግሞ ጆሮ ራሱ ሕግ አለው። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ከመካከለኛው ይልቅ ቤዙን ያጣዋል። በሌሊት ከፍ አድርጎ የተሠራ ሚክስ ጠዋት ካፌ ውስጥ ዝቅ ብሎ ሲከፈት ቤዝ የለሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከጎን ያለ ሰው ሳይጮህ የሚያወራበት ልክ ጥሩ መሥሪያ ነው፤ ከፍ ማድረግ ለአጭር ፍተሻ ብቻ። ጎረቤት ተኝቶ ከሆነ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ አለ። ጥቃቅኑን ሁሉ ስለሚያሰማ ድምፃዊው ዝቅ ብሎ የመቅረት አደጋ አለው፤ ግን ክፍል የሌለበት በመሆኑ ባልታከመ 3 በ3 ቤት ውስጥ የታችኛውን ቤዝ ለመዳኘት ከስፒከሩ ይልቅ ይታመናል። በሙያው የከበዱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ሊያጨማድዱ ይችላሉ። ይሁን።

የመጨረሻው ጉዳይ የሚክሱ ሳይሆን የደንበኛው ነው፤ “ከፍ አድርግልኝ” የሚለው ጥያቄ። ሜታሊካ በ2008 ያወጣው “ዴዝ ማግኔቲክ” እጅግ ተጨምቆ ስለነበር፣ አድናቂዎቹ “ጊታር ሂሮ” በተባለው ጨዋታ ውስጥ የነበረውን ያልተጨመቀ ቅጂ መርጠው እንደገና እንዲሠራ ፊርማ አሰባስበዋል። ዛሬ ደግሞ ስፖቲፋይ በመደበኛ ቅንብሩ ዘፈኖችን ከዜሮ በታች ወደ 14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያመጣቸዋል። ከዜሮ በታች 8 ላይ ተጨምቆ የመጣ ዘፈን ስድስት ዲሲቤል ዝቅ ይደረግና ጩኸቱን ያጣል፤ የተቀጠቀጠው ከበሮ ግን አይመለስለትም። ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ታክሲ ውስጥ የሚዞረውን ዘፈን ይህ ማስተካከያ አይነካውም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ እዚያ ግን ሹፌሩ የቮሊዩም ቁልፍ አለው። ስለዚህ ድምፃዊውም ፕሮዲውሰሩም ይህን ጥያቄ ከማንሣታቸው በፊት የተጨመቀውንና ያልተጨመቀውን ቅጂ እኩል ከፍታ ላይ አስተካክለው፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነገራቸው፣ በስልክ ስፒከር ያወዳድሩ።