ኡርልቫን፦ በማይገባው የተሞገሰ ስም

ስለ ኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» የፈረንሳይኛ ትርጉሞች የሚጽፉ ሰዎች አንድ ስም ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ እጅ ነስተው ያልፋሉ። ፍሬደሪክ ደለቤክ እ.ኤ.አ. በ1925 መጽሐፉን «ሌ ኦ ደ ኡርልቫን» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ተጣብቆ ቀረ። ምስጋናው ዘወትር ያው ነው፤ የፈረንሳይኛው ድምፅ የእንግሊዝኛውን ያስተጋባል፣ ነፋሱም በውስጡ ይሰማል ይባላል። ይህ ውዳሴ ደለቤክ ያጠፋውን ይሸፍናል፤ በእርግጥ የሠራውን ደግሞ አያይም።

«ዉዘሪንግ» ከሰሜን እንግሊዝና ከስኮትላንድ ገጠር የመጣ ቅጽል ነው። ግሱ ነፋስ እያጓራ በኃይል መንፈሱን ይናገራል። ዛሬ ከመጽሐፉ ርዕስ ውጭ የሚጠቀምበት እንግሊዛዊ ጥቂት ነው፤ መጽሐፉ በታተመበት በ1847ም ለደቡብ አንባቢ እንግዳ ቃል ነበር። ብሮንቴ ይህን ስለምታውቅ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ቃሉን በተራኪው በሎክዉድ አፍ ታስፈታዋለች። ሎክዉድ ቤት ተከራይቶ ዮርክሻየር የገባ ሰው ነው። የአገሬው ቅጽል ዉዘሪንግ ሃይትስ የተባለው የአከራዩ ቤት በማዕበል ጊዜ የሚደርስበትን ሁከት እንደሚገልጽ ይነግረናል፤ ወዲያው ግን ጆሮውን ትቶ ወደ ዓይኑ ይሻገራል። ከቤቱ ጫፍ ያዘመሙትን የቀጨጩ ጥዶችና ቅርንጫፋቸውን በሙሉ ወደ አንድ ጎን የዘረጉትን እሾሃማ ዛፎች ያሳየናል። የነፋሱ ጉልበት የሚለካው ዛፉን ባጎበጠው መጠን ነው፤ ጩኸቱ ተከታይ ነው። ይህ ተራ የመልክዓ ምድር ገለጻ አይደለም። ኋላ አከራዩ ሂትክሊፍ እናት የሞተበትን ትንሹን ሄርተንን ይዞ፣ ያው ነፋስ ሲያጣምመው ይህኛውም ዛፍ እንደ ሌላው ይጎብጥ እንደሆነ እናያለን ብሎ ሲዝት ያንኑ የመጀመሪያ ምዕራፍ ቅጽል ሰው ላይ ማዋሉ ነው።

የደለቤክ ስም የተሠራው «ኡርሌ» ከሚለው ግስና «ቫን» ከሚለው ስም ነው፤ የመጀመሪያው መጮህ፣ እንደ ተኩላ ማላዘን፣ ሁለተኛው ነፋስ። መጉበጡ ቀርቶ ጩኸቱ ብቻ ቀረ። ከዚህ የባሰው ግን ሁለቱንም ቃላት የፓሪስ ሕፃን የሚያውቃቸው መሆኑ ነው። ሎክዉድ ቃሉን ሊፈታ ሲነሳ የፈረንሳይ አንባቢ አስቀድሞ ተረድቶታል፤ ማብራሪያው ውሃ ማለት ውሃ ነው እንደማለት ይሆናል። በእንግሊዝኛው ያ ዓረፍተ ነገር ትርጉም ከመስጠት ያለፈ ሥራ አለው። ሎክዉድ የገጠሩን ቋንቋ እንደ ብርቅ ዕቃ አንስቶ የሚያገላብጥ የከተማ ሰው መሆኑን ያጋልጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚነግረንን ሁሉ በጥርጣሬ እንድንሰማ ያስጠነቅቀናል። (የገጠሩን አፍ ለከተማ ጆሮ ማለስለስ የተጀመረው በባሕር ማዶ አይደለም። በ1850 እትም የአሽከሩን የጆሴፍን አነጋገር ለደቡቦች እንዲገባ ያስተካከለችው የኤሚሊ የገዛ እኅት ሻርሎት ናት።)

ሌሎቹ ተርጓሚዎች ብዙ አያቆዩንም። ቴዎዶር ደ ቪዜቫ በ1892 ቅጽሉን ጨርሶ ጥሎ «አን አማን» አለው፤ «አንድ አፍቃሪ» ማለት ነው። ርዕስ መተው በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን መጽሐፍ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ሲል ርዕሱን ከራሱ ከመጽሐፉ መጨረሻ ነው ያወጣው። የቪዜቫ ርዕስ ግን ለየትኛውም የባቡር ጣቢያ ልብ ወለድ ይሆናል። ዣክና ዮላንድ ደ ላክርቴል በ1937 «ኦት-ፕላንት» ብለው ነፋሱን ሙሾ አውራጅ አደረጉት፤ ለቅሶው በዝቶ ጭካኔው ጠፋ። ሲልቬር ሞኖ በ1963 «ኡርልሞን»፣ ፒየር ሌይሪስ በ1972 «ኡርልቫን ደ ሞን» አሉ። ሌይሪስን የሚያህል ተርጓሚ እንኳ ከደለቤክ ቃል መላቀቅ አልቻለም።

ለምን? ድምፁ ስላማረ ብቻ አይመስለኝም። ደለቤክ ቅጽሉን በቅጽል አልተካውም፤ የቦታ ስም ፈጠረ። ፈረንሳይ ውስጥ ግስና ስም ተጋጥመው የወጡ ጥንታዊ የቦታ ስሞች ሞልተዋል። ሻንትሜርል ጥቁር ወፏ የምትዘምርበት፣ ሻንትሉ ተኩላው የሚዘምርበት ነው። በኖርማንዲ ካልቫዶስ ውስጥ ደግሞ ኧርትቫን የሚባል መንደር አለ፤ ነፋስ የሚጋጭበት ማለት ነው። ከ«ኧርትቫን» እስከ «ኡርልቫን» ያለው ርቀት አንድ ሁለት ፊደል ነው። ደለቤክ ገበሬ በሚያወጣበት ደንብ ስም አወጣ። ሲያነቡት ይህን ቤት የሰየመው ደራሲ ሳይሆን አገሬው ነው ያሰኛል፤ ብሮንቴም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። አንድን ቃል ያላግባብ ፈትቶ አንድን መንደር በትክክል መመሥረት ብርቅ ችሎታ ነው፤ በርዕስ ትርጉም ይህን የሚያህል ሌላ አላውቅም።

የሎክዉድ ማብራሪያ ግን አሁንም ያለ ሥራ ተቀምጧል። ሥራውን የሚመልስለት ቃል ፈረንሳይኛ አላጣም። በመካከለኛው ፈረንሳይ ደጋ፣ በአርዴሽና በኦት-ሏር ክረምት በረዶ እያዘለ የሚገርፈውን የሰሜን ነፋስ «ቡርል» ይሉታል፤ ለፓሪስ አንባቢ ሊፈታለት የሚገባ የገጠር ቃል። ቃሉን የያዘ ተርጓሚ ዮርክሻየርን ወደ ፈረንሳይ ተራራ አዛወርክ ተብሎ ይከሰስ ይሆናል። ዣክ ሪቬት ግን በ1985 ታሪኩን ወደ 1930ዎቹ ደቡብ ፈረንሳይ ገጠር ወስዶ ፊልም ሲሠራው ርዕሱን «ኡርልቫን» ብቻ አለው፤ ስሙ እዚያ ሲደርስ መታወቂያ የጠየቀው አልነበረም።