እርስ በርስ የማይነካኩ ሁለት መንገዶች

አንዳንድ ሥራ የሚታየው ከሰርቨር ጀርባ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የእኛን ሰው የሚፈልግ መጀመሪያ የሚያቀናው፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ወደ ሰየመው ፌርፋክስ መንገድ ነው። እኔ የማወራላችሁ ሥራ ግን ከተራራው ማዶ፣ ኖርዝ ሆሊውድ፣ ፊልም የሚቀናበርበት አንድ ቤት ውስጥ ይገኛል። የሠራው የእኛው ልጅ ነው። ክፍሉ ጠባብና ቀዝቃዛ ነው። ሰርቨሩ የተቀመጠበት ራክ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሯል፤ ምክንያቱም ኖርዝ ሆሊውድ ያለበትን ሸለቆ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1994 ገና ሳይነጋ መጠኑ 6.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መትቶታል።

ፊልሙ የተቀመጠው ለብቻው በቆመ ስቶሬጅ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ የሚደርስበት በኔትወርክ ነው። የሚነጋገሩበት ሥርዓት አይስካዚ ይባላል፤ ድሮ በአጭር ኬብል ብቻ ይሄድ የነበረውን የዲስክ ትእዛዝ በተራ ኔትወርክ ላይ ያስኬዳል። መስፈርቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ኔትወርኩ ከተቋረጠ ለሰርቨሩ ዲስኩ እንደተነቀለ ይቆጠራል። ስለዚህ ከአንድ በላይ መንገድ ያስፈልገዋል።

ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርዶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት ፖርት ናቸው። ልጁ ከአንደኛው ካርድ አንድ ፖርት፣ ከሌላኛውም አንድ ፖርት ወስዶ ቀሪዎቹን ባዶ ትቷቸዋል። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ፖርቱ ሁለት ነው፤ ቺፑ ግን አንድ ነው» አለኝ። ካርዱ ሲሞት ሁለቱም ፖርቶች አብረው ይሞታሉ። ሁለት በር ያለው ቤት የግቢው በር አንድ ከሆነ መውጫው አንድ ብቻ ነው። የልጁ ሥራ ሁሉ እንዲህ ያለውን የጋራ የግቢ በር እያደኑ ማስወገድ ነው።

ከአንደኛው ካርድ የወጣው ሰማያዊ ኬብል ላይኛው ስዊች ላይ ያርፋል፤ ከሌላኛው የወጣው ጥቁር ኬብል ታችኛው ላይ። ሁለቱን ስዊቾች የሚያገናኝ ምንም ገመድ የለም። ሆን ተብሎ ነው። የላይኛው አድራሻዎች በ10.10.10፣ የታችኛው በ10.10.20 ይጀምራሉ። ስዊቾቹ ኤሌክትሪክ የሚወስዱት ከተለያየ ዩፒኤስ ነው። ስቶሬጁም ሁለት ኮንትሮለር አለው፤ እያንዳንዱ ከሁለቱም ስዊቾች ጋር ተገናኝቷል። ሁለት ካርድ፣ ሁለት ኮንትሮለር፤ በድምሩ አራት መንገድ። ኬብሎቹ ትርፍ ርዝመት የላቸውም። ሲታጠፉ ዞር ብለው እንጂ ተሰብረው አይደለም። በሁለቱም ጫፍ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ ተጽፎባቸዋል።

አራቱም መንገዶች ሲከፈቱ ሊኑክስ አራት ዲስክ ያያል። ዲስኩ ግን አንድ ነው። አንዱን ዲስክ እንደ አራት ቆጥሮ በየመንገዱ ለየብቻ የሚጽፍበት ሰው መረጃውን ያጠፋል። እዚህ ላይ መልቲፓዝ ይገባል። ክሪስቶፍ ቫሮኪ የጀመረው ይህ ሶፍትዌር የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩ አንድ ከሆነ አራቱን በአንድ ስም ይጠቀልላቸዋል። ከዚያም ያበላልጣቸዋል። ዲስኩን በያዘው ኮንትሮለር በኩል የሚያልፉት ሁለቱ መንገዶች 50 ነጥብ፣ በሌላው በኩል የሚያልፉት 10 ነጥብ ያገኛሉ። ባለ 50ዎቹ ይሠራሉ፣ ባለ 10ዎቹ ተጠባባቂ ናቸው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ሰዓቱን የለካበት መንገድ ነው። የሊኑክስ አይስካዚ እንዲሁ ከተተወ፣ ግንኙነት ሲጠፋ እንዲመለስለት 120 ሰከንድ ይጠብቃል። መንገዱ አንድ ብቻ ለሆነ ሰው ይህ ትክክል ነው፤ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ይታገሳል። አራት መንገድ ላለው ግን ያው ትዕግሥት ጉዳት ነው፤ ሦስት ጤነኛ መንገዶች እያሉ አቀናባሪው ሁለት ደቂቃ የቆመ ስክሪን ያያል። ልጁ 120ውን ወደ 5 አወረደው። በየ5 ሰከንዱ «አለህ ወይ?» የሚል መልእክት ይላካል፤ በ5 ሰከንድ ካልተመለሰ መስመሩ እንደጠፋ ይቆጠራል፤ 5 ሰከንድ ተጠብቆ ሥራው ወደ ሌላ መንገድ ይዞራል። ቢከፋ 15 ሰከንድ ያህል ነው። አራቱም ባንዴ ቢጠፉ ደግሞ 12 ጊዜ እንዲሞክር አዝዞታል፤ በየ5 ሰከንዱ ስለሆነ አንድ ደቂቃ መሆኑ ነው። ለዘላለም ጠብቅ ብሎ አልተወውም፣ ወዲያው ተስፋ ቁረጥም አላለውም።

በኔትወርኩ የሚሄደው አንድ መልእክት ትልቁ መጠን 9000 ባይት ነው። ይህ መጠን ከካርድ እስከ ስዊች፣ ከስዊች እስከ ስቶሬጅ አንድ ካልሆነ ትንንሹ መልእክት ያልፍና ትልቁ ይጠፋል፤ ጥፋቱን ማግኘት ደግሞ አድካሚ ነው። ስለዚህ እንዳይቆራረጥ አዝዞ 8972 ባይት ይልካል። ከ9000 ላይ 20 እና 8 ሲቀነስ የሚቀረው ነው፤ የተቀነሱት የመልእክቱ ራስጌዎች ናቸው። በአራቱም መንገዶች መልስ አገኘ።

ፈተናው የመጨረሻው ክፍል ነው። ትልቅ ፋይል እየተገለበጠ ሳለ ሰማያዊውን ኬብል ነቀለ። ግልበጣው ትንሽ ቆመ፣ ቀጠለ። መልሶ ሰካውና የጠፉት መንገዶች እስኪመለሱ ጠበቀ፤ ሳይመለሱ ሌላውን የሚነቅል ሰው የሚፈትነው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ አንዱን ስዊች አጠፋ። ከዚያ አንዱን ኮንትሮለር። በመጨረሻም አንድ ኬብል ብቻ ተሰክቶ ሳለ ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳው።

መንገዶቹ የት ላይ ይገናኛሉ የሚለው ጥያቄ በአገር ደረጃም አለ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቷ በጅቡቲና በኬንያ በኩል ወደ ባሕር ሥር ገመዶች ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ላይ በርካታ ገመዶች ባንድ ሰሞን ተቆርጠዋል። በካርታ ላይ የተለያዩ መስመሮች ናቸው፤ የሚያልፉት ግን በአንድ ጠባብ ባሕር ነው።

አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ለባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲ ሰርቨር የምትረከቡ ወገኖች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ካለ ያሳያችሁ፤ ከዚያም ሥራው እየሄደ ኬብሉን ፊታችሁ ይንቀለው።