«አፍሪካዊ» የተባለው ማን ነው? ስለ ፓርኪንሰን የዘረ መል ጥናት ሂሳዊ አስተያየት

ስለ ፓርኪንሰን ሕመም የዘር ተጋላጭነት የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከአውሮፓ ተወላጆች ናሙና ነው። ይህን ጉድለት ለማቃለል የተደረገው የዶ/ር ሪዚግና የባልደረቦቻቸው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 «ላንሴት ኒውሮሎጂ» በተባለው መጽሔት ታትሟል። ጥናቱ 1,488 ታማሚዎችን ሕመሙ ከሌለባቸው 196,430 ሰዎች ጋር በማነጻጸር፣ ጂቢኤ1 በተባለው ዘረ መል ላይ በአውሮፓውያን ዘንድ ያልታየ ልዩነት አግኝቷል። ልዩነቱን ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው ተጋላጭነቱ 1.5 እጥፍ ገደማ፣ ከሁለቱም የወረሰ ደግሞ 3.5 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሥራው ምስጋና ይገባዋል።

ቅሬታችን «አፍሪካዊ» በሚለው ስያሜ ላይ ነው። ከአህጉሩ የተሰበሰበው ናሙና በዋናነት የናይጄሪያ ነው። ኤልአርአርኬ2 በተሰኘው ዘረ መል ላይ የሚከሰተው ጂ2019ኤስ የተባለ ለውጥ በሰሜን አፍሪካ በበርካታ ታማሚዎች ላይ ሲገኝ፣ በናይጄሪያ በተደረጉ ምርመራዎች ግን አልታየም። ሰሜኑና ምዕራቡ ይህን ያህል ከተለያዩ፣ በአባያና በጫሞ ዙሪያ ያለውን ሕዝብ በናይጄሪያ ናሙና መመዘን አያስተማምንም።

ለዚህ ጥንቃቄ ጋሞ የራሱ ምስክር አለው። በጋሞ ደጋ ከሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት አጽም የዘር መረጃ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ ከምዕራብ ዩራሲያ የገባ ዝርያ መላ አፍሪካን አዳርሷል የሚል መደምደሚያ ተሰጥቶ ነበር። በኮምፒዩተር የመረጃ ዝግጅት ላይ ስሕተት በመገኘቱ አዘጋጆቹ ራሳቸው በ2016 አርመውታል፤ መደምደሚያው ለምሥራቅ አፍሪካ እንጂ ለመላው አህጉር አልጸናም።

በአገራችንስ? በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን የዳሰሰውና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው ጥናት የሕመሙን ስርጭት ከ100,000 ሰው 7 አድርሶታል። ይህን አኃዝ ሕመሙ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ ማድረግ ግን አይገባም፤ አብዛኛው ሕዝብ ወጣት በሆነበት አገር ከዕድሜ ጋር የሚጨምር ሕመም ቁጥሩ ማነሱ አይቀርም። በታንዛኒያ ሃይ ወረዳ በተካሄደ የቤት ለቤት ጥናት ከተገኙት ታማሚዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሕመማቸው ያልታወቀላቸው ነበሩ።

እንግዲህ የዘረ መል ጥናት ነገ ወደ አርባ ምንጭ ቢመጣ፣ ናሙና የሚሰጠው አስቀድሞ የተለየ ታማሚ ነው። በእርጅና ተሳቦ ከቤቱ የቀረው አዛውንት ከጥናቱም ከሕክምናውም ይቀራል። በጨንቻም ሆነ በአርባ ምንጭ ያለ ባለሙያ የእንቅስቃሴ መዘግየት ከመንቀጥቀጥ ወይም ከጡንቻ መገተር ጋር ሲያይ ፓርኪንሰንን ይጠርጥር፤ ሃሎፔሪዶል ወይም ሜቶክሎፕራማይድ ተወስዶ እንደሆነ ይጠይቅ፤ የቤተሰቡንም ታሪክ ይመዝግብ።

የጂቢኤ1 ግኝት ለወደፊት መድኃኒት ተስፋ ይሰጣል። ይሁን እንጂ የሕመሙን ግስጋሴ እንደሚገታ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም። ምልክቶቹን የሚያቃልለው ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። የጋሞ ታማሚ ዘረ መሉ እስኪመረመር ድረስ ይህን መድኃኒት ሊነፈግ አይገባውም።