ይለቃል፣ ይይዛል

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የእኔም እንጀራ ከልብስ ስፌት ጋር ተሳስሯል፤ የሥራ መመሪያዎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ረጃጅሞቹ የሙያ ቃላት ብዙም አያስቸግሩኝም። እንቅልፍ የሚነሱኝ ‘ራን’ እና ‘ሰት’ ናቸው።

ተማሪ ቤት ‘ራን’ ሮጠ፣ ‘ሰት’ አስቀመጠ ተብለን ነው ያደግነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግን በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ እትሙ ለ‘ሰት’ ግሥ ብቻ 430 ያህል ፍቺ ደርድሮ ነበር። ለሦስተኛው እትም ሲሠራ ደግሞ ‘ራን’ 645 ፍቺ ይዞ ቀደመው።

አንድ ጊዜ የእጥበት መመሪያ ስተረጉም ‘ራን’ን “ቀለሙ እንዳይፈስ”፣ ‘ሰት’ን “ቀለሙ ሲቀመጥ” ብዬ ጻፍኩ። እጥበት ክፍል የምትሠራ ልጅ ወረቀቱን ደጋግማ አንብባ፣ “ጋሼ፣ እኛ ጋ የሚፈስ ቀለም የለም እኮ” አለችኝ። ነጭ ጨርቅ በውኃ ነክራ ቀዩን ሹራብ ፈተገችበት። ጨርቁ ሮዝ ሆነ። “ይኸው፣ ይለቃል።” ሌላ ሹራብ አንስታ ያንኑ ደገመች፤ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። “ይኼ ይዟል።”

እንሶስላ ሞቃ ያደገች ልጅ የምታውቀውን ቃል እኔ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስፈልግ ከርሜአለሁ። ከዚያ ወዲህ ግሡን ለብቻው አልፈታም፤ አጠገቡ ያለውን ስም አያለሁ። ‘ሰት’ ከሲሚንቶ ጋር ሲሆን ይይዛል፣ ከእጅጌ ጋር ይገጠማል። የአሞራ ገደል አሣ አጥማጅ መረቡን ይጥላል፣ ወጌሻ አጥንት ይጠግናል፣ ፀሐይም ትጠልቃለች፤ እንግሊዝኛው ግን ያው ‘ሰት’ ነው። ‘ራን’ም ከስፌት መኪና ጋር ይሠራል፣ ከአፍንጫ ጋር ይፈሳል፣ ከሴት ስቶኪንግ ጋር ይተረተራል፣ ምርጫ ላይ ደግሞ ይወዳደራል።

የእኛም ‘ያዘ’ ከእነዚህ አያንስም። ጉንፋን ይዞኝ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ወደያዝኩት ቀጠሮ ሄድኩ ብል፣ እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንድ ግሥ አንድ አቻ ብቻ እየሰጠ በሁለት ዓምድ የሚሰለፍ የቃላት ዝርዝር ለእንዲህ ያሉ ቃላት ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ። ሠራተኛ መመሪያውን አምኖ ነው ልብሱን ውኃ ውስጥ የሚከተው።

አሁን ያልገባኝ ‘ራን’ ሲያጋጥመኝ ቦታውን ባዶ እተዋለሁ። ሻይ ሰዓት ሲደርስ ወረቀቱን ይዤ እጥበት ክፍል እወርዳለሁ።