የገዢው በደልና የሕዝቡ ስም

የኤውሮፓ ሰው መስኮብን በክፉ ዐይን እንዲያይ ካስተማሩት መጻሕፍት አንዱ፥ ፈረንሳዊው ባላባት ማርኪ ደ ኩስቲን «ሩሲያ በ1839» ብሎ በ1843 ዓ.ም. በፓሪስ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ይህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባልና መመርመር ይገባዋል።

አስቀድመን ለጸሓፊው የሚገባውን ምስጋና አንነፍገውም። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኒኮላይ በፍርሃት መግዛቱን፥ ጽሕፈትም ሁሉ በመርማሪ እጅ መውደቁን ሲናገር አልዋሸም፤ መጽሐፉ በመስኮብ አገር መከልከሉ ራሱ ምስክር ሆነለት። የመስኮብ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ መንግሥት ማደሯንም ነቅፏል። እኛ በኬልቄዶን ጉባኤ ነገር ከእርስዋ የተለየን ብንሆንም፥ ታላቁ ጴጥሮስ በ1721 የፓትርያርክን ሥልጣን ሽሮ ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት ሥር ማዋሉ የሚያሳዝን እውነት ነው።

ነገር ግን በቅኔ ቤት ልማድ ብንናገር፥ ሰሙ አምሮ ሳለ ወርቁ አልወጣለትም። ኩስቲን ቋንቋውን ሳያውቅ፥ ሦስት ወር ያህል ብቻ ቈይቶ፥ ብዙውን ጊዜ ከመኳንንት ጋራ አሳልፎ፥ ሕዝቡ በጠባዩ ለባርነት የተመቸ ነው ብሎ ፈረደ። የገዢውን ቀንበር ከተገዢው አንገት የበቀለ አስመሰለው። ከእርሱ በፊት የሀብስቡርግ መልእክተኛ ሄርበርሽታይን በ1549 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጨካኙን ገዢ ያመጣው የሕዝቡ ጠባይ ነውን፥ ወይስ ሕዝቡን እንዲህ ያደረገው የገዢው ጭካኔ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ያ ጠያቂ ሳይፈርድ የተወውን፥ ይህ መንገደኛ ቸኵሎ ፈረደበት።

ለፍርዱም መልስ የሚሆን ሰው በዚያው አገር ነበረ። አሌክሳንደር ራዲሽቼቭ ኩስቲን ከመምጣቱ 49 ዓመት በፊት፥ በ1790፥ «ከፒተርስቡርግ ወደ ሞስኮ ጉዞ» በተባለው መጽሐፉ የገባሩን መከራ ገለጠ። ስለዚህም ሞት ተፈረደበት፤ ኋላም ፍርዱ ተለውጦ ወደ ሳይቤርያ ተጋዘ። ባርነትን የሚወድ ሕዝብ እንዲህ ያለ ልጅ ከወዴት ያገኛል?

ይህ ነገር በጥንት ዘመን ብቻ የቀረ አይደለም። በ2022 የመስኮብ ጦር ዩክሬንን ወረረ፤ ወራሪውን መንቀፍ ተገቢ ነው፤ ቤቱ የፈረሰበት ዩክሬናዊ ቢመረርም የሚፈርድበት የለም። ነገር ግን ያንን ጦርነት ተቃውመው በገዛ መንግሥታቸው የታሰሩትም መስኮቦች ናቸው። ሕዝቡን በጅምላ የሚኰንን ሰው እነዚህን ከአሳሪዎቻቸው ጋራ አንድ አድርጎ ይቈጥራቸዋል።

ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኀጢአት እንደማይሸከም አስተምሯል። እንግዲህ ብዕር የያዘ ሁሉ በደለኛውን በስሙ ይጥራው እንጂ፥ የገዢውን ዕዳ በሕዝቡ ላይ አይጻፍ።