የዘንባባው ምስክርነት

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር እርጥበቱ ለብረት አይራራም። እዚህ ከሣጥን የወጣ አሮጌ የአርበኝነት ሜዳሊያን በትዕግሥት የሚመረምር አዋቂ ሳይ ደስ ይለኛል።

ሜዳሊያውን ወደ መስኮት ብርሃን ያዞረዋል። በመምቻ የታተመ ከሆነ የፊደሉ ጠርዝ ስል ነው። ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ተወስዶ ብረት የፈሰሰበት ቅጂ ግን ፊደሉ ያበጠ፣ ገጹ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ፣ ልኩም በጥቂቱ ያነሰ ይሆናል። እርጅና ከፍ ያለውን ያለሰልሳል፣ ጎድጓዳውን ያጠቁራል፤ የተቀባ ጥቁረት በጨርቅ ይለቃል። የሠሪው፣ የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብ ወይም የአዲስ አበባው ሴቫጂያን፣ ስም ቢገኝበት መልካም ነው፤ ግን ስምም ይቀዳል።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው ቀጣዩን ሥራ ነው። በጥብጣቡ ላይ ያሉት ዘንባባዎች የትግል ዓመታትን ይቆጥራሉ፤ ባለ 5 ዘንባባው ከ1928 እስከ 1933 በዱር በገደል ለጸና አርበኛ ነው። ስለዚህ ባለቤቱን ይጠይቃል፦ «አባትዎ መቼ ጫካ ገቡ? አለቃቸው ማን ነበሩ? ታኅሣሥ 1929 ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ለጣሊያን ሲሰጡ እርሳቸው የት ነበሩ?» ብረቱ እውነተኛ ሆኖ ዘንባባው ኋላ የተጨመረ፣ ወይም ታሪኩ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። መልሱን ማኅተም ካለው ወረቀትና ከፎቶግራፍ ጋር ያመሳክራል።

ሐሰት ቢያገኝ እንኳ ባለቤቱን በሰው ፊት አያሳፍርም፤ ለብቻቸው ጠርቶ ይነግራቸዋል።