«የማን ደጋፊ ነህ?»

ሻርፌን ቦርሳዬ ውስጥ ከልብሴ ሥር ቀብሬው ነበር የሄድኩት። 2010 ዓ.ም ነው፤ ኢትዮጵያ ቡና ከሜዳው ውጭ ይጫወታል። አብረን እንሄዳለን ያሉ ጓደኞቼ አንድ በአንድ ቀሩና ሌሊት ተነስቼ ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የከተማውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የከተማው አይደለም። የእንግዳ ደጋፊ የሚቀመጥበትን ሳላጣራ ትኬት ቆረጥኩና ራሴን በባለሜዳዎቹ መሃል አገኘሁት።

አጠገቤ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ነበሩ። ከያዙት ለውዝ አፈስ አድርገው ሰጡኝ፤ ከዚያ ጠየቁኝ።

«የማን ደጋፊ ነህ?»

«የማንም አይደለሁም ጋሼ። ለሥራ መጥቼ ኳስ ልይ ብዬ ነው።»

የኒክ ሆርንቢን «ፊቨር ፒች» ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ የአንድ የአርሴናል ደጋፊ ግለ ታሪክ ነው። ምዕራፎቹ የጨዋታ ስምና ቀን ይዘው ይሄዳሉ፤ ፍቅር፣ የአባትና የእናት ፍቺ፣ ድብርት፣ ሁሉም በጨዋታ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ሃይበሪ ትዝታዎቹ ነው። እኔን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ የካቲት 1972 እ.ኤ.አ.፣ ሬዲንግ ከአርሴናል፣ የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ።

ሆርንቢ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነው። የሚኖረው ሜይደንሄድ ነው፤ ከለንደን ይልቅ ለሬዲንግ የሚቀርብ ከተማ። በደንቡ ቢሆን እንግዳ ሳይሆን ባለሜዳ ነበር። እሱ ግን በሬዲንግ ሰዎች መሃል ሆኖ የሰሜን ለንደን ልጅ ነኝ ብሎ ይዋሻል፤ ውሸቱም ብዙ ሳይቆይ ይጋለጣል። አርሴናል 2 ለ 1 ያሸንፋል፤ ልጁ ግን ተሸንፎ ይወጣል።

ይህ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁሉ ሐቀኛው ይመስለኛል። በሜዳህ ስትሆን ማንም አይጠይቅህም፤ ሺህ ሰው አብሮህ ይጮኻል፣ በቃ ያንተ ነው። በሰው ሜዳ ላይ ግን ክለቡ በምን ያንተ እንደሆነ ትጠየቃለህ። ሆርንቢ መልስ እንደሌለው ያውቃል። ሥር የለኝም የሚለው ልጅ የሌላ ሰፈር ሥር ተውሶ ሲያዝ እናያለን፤ ጸሐፊውም ለራሱ አያዝንለትም። እኛስ? «አርሴ ነህ ማንቼ?» እየተባባልን በዲኤስቲቪ ቤት ያደግን ሁሉ፣ የዚያ ልጅ ዘመዶች ነን። ልዩነቱ፣ እኛን ከየት ነህ ብሎ የሚያጋልጠን የለንደን ሰው አጠገባችን አለመቀመጡ ነው።

መጽሐፉ የማይደርስልኝም እዚሁ ላይ ነው። ሆርንቢ ሲጋለጥ የሚያጣው ፊቱን ነው፤ ያፍራል፣ እኛም እንስቃለን። በእርግጥ ሞትን ያልጻፈ ሰው አይደለም። 39 ሰዎች ስላለቁበት የ1985ቱ ሄሰልም ሆነ ከአራት ዓመት በኋላ ስለደረሰው ሂልስቦሮ ሲጽፍ ቀልዱን ያስቀምጣል። ግን ቀልዱና ሞቱ በተለያየ ምዕራፍ ናቸው። እኔ በተቀመጥኩበት ቦታ ሁለቱም በአንድ ጥያቄ ውስጥ ነበሩ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም በየስታዲየሙ ግጭት ሲነሳ፣ ጨዋታ ሲቋረጥ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር «የማን ደጋፊ ነህ?» ማለት «የማን ልጅ ነህ?» ወደማለት ተጠግቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአፍረት ብቻ አታልፈውም።

ሆርንቢ ሳያስበው ለእኛ የጻፈው አንድ ሌላ ገጽ አለ። ግንቦት 1989 እ.ኤ.አ. አርሴናል አንፊልድ ላይ ዋንጫ ለማንሳት ሊቨርፑልን በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት፤ ማይክል ቶማስ በመጨረሻው ደቂቃ ሁለተኛውን አገባ። በክለቡ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የሜዳ ውጭ ድል ስንት አለ? ዕድሜውን ለአርሴናል የሰጠው ሆርንቢ ግን አንፊልድ አልነበረም። እንደኛው ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ነበር! ደስታው ግን አልጎደለም፤ የመጽሐፉ ጫፍ ያ ምሽት ነው።

ታዲያ መሄዱ ለምን ያስፈልጋል? ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የእኛ ሊግ ቡድኖቹን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ መጫወት ጀመረ፤ ጨዋታውም በዲኤስቲቪ መጣ። ባለሜዳና እንግዳ የወረቀት ስም ሆኑ። ሰላሙን አልጠላውም፤ ሻርፕ ደብቆ የሄደ ሰው ሊጠላው አይችልም። ግን ከካታንጋና ከሚስማር ተራ ተነስቶ ሌላ ከተማ የሚወርደው ደጋፊ አብሮ ጠፋ። በእሱ ምትክ የማያውቀውን ሰው ለውዝ የሚበላ ማንም የለም።

ቡና ሲያገባ እግሬ ሳያማክረኝ ብድግ አለ። አፌን ዘጋሁ፤ እግሬ ግን ቆሞ ነበር። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ዞሮ ሲያየኝ፣ ሰውዬው የጃኬቴን ጫፍ ይዘው ወደ ታች ሳቡኝ።

«ተቀመጥ ልጄ፤ ጎል ገብቶብን ነው የሚቆመው?» አሉ፣ ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብለው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «እኔም አዲስ አበባ ስታዲየም እንዲህ ተቀምጬ አውቃለሁ።»

እስኪያልቅ ድረስ አላወራንም። ለውዙን ግን አጋመሱኝ። ስንወጣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ከጎኔ አልተለዩም፤ እኔ ደግሞ የማን ደጋፊ እንደሆንኩ በአፌ ሳልነግራቸው ተለያየን። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።